የፈረሱን ገብስ ማን ሰፈረ? የጨርጨር ፈረሰኛ ታሪክና ወግ

ከአዋሽ ወንዝ ተሻግሮ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ መንገደኛ አስቀድሞ የሚያገኘው የሚኤሶንና የአሰቦትን ቆላ ነው። በዚያ ሜዳ ጭነት የሚሸከመውም፣ የሀብት መለኪያ የሚሆነውም ግመል ነው። መንገዱ ወደ ተራራው ዞሮ አቀበቱን ሲያያዘው ግን አየሩ ይቀዘቅዛል፤ እሾሃማው ቁጥቋጦ ለማሽላና ለቡና ማሳ ቦታውን ይለቃል፤ ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል የነበረችው የጭሮ ከተማም በጋራዎች መካከል ብቅ ትላለች። ከእርሷ ወዲያ ኩኒ፣ በዴሳ፣ ገለምሶና ሂርና ይከተላሉ። ጨርጨር የሚባለው አገር ይህ ነው፤ ዛሬ የምዕራብ ሐረርጌ ዞን እምብርት ነው።

ይህ የአየር ለውጥ ለፈረስ የሞትና የሽረት ጉዳይ ነው። በዝናብ ወራት በቆላ የሚበዙ ጥቃቅን ተናካሽ ነፍሳት የሚያዛምቱት የፈረስ በሽታ ጤነኛውን እንስሳ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጥለዋል። ከዚህም የተነሣ የኢትዮጵያ ፈረስ ከጥንት ጀምሮ የደጋ እንስሳ ሆኖ ኖሯል። ከአዋሽ ቆላ በላይ ከፍ ብሎ ወደ ሐረር የሚዘልቀው የጨርጨር ሸንተረር እንግዲህ ተፈጥሮ ራሷ ለፈረሰኛ ጦር የዘረጋችው መንገድ ነበር። በዚህም መንገድ ለአራት መቶ ዓመታት ያህል የልዩ ልዩ ጌታና የልዩ ልዩ እምነት ፈረሰኞች ተመላልሰውበታል።

እነዚህ ፈረሰኞች በአብዛኛው ደመወዝተኞች አልነበሩም። የክተት ነጋሪት ሲጎሰም እያንዳንዱ በገዛ ፈረሱ፣ በገዛ ጦሩና ጋሻው፣ በገዛ ስንቁ ይመጣ ነበር። በሌላው ዓለም የበጎ ፈቃደኛ ወረዳ ፈረሰኛ ጦር የሚባለው ሠራዊት በኢትዮጵያ ያለ መዝገብና ያለ መለዮ ልብስ የኖረው በዚህ መልክ ነው። ስለ ጀግንነቱ ብዙ ተነግሯል፤ ብዙም ተዘፍኗል። ፈረስ ግን በፉከራ አይኖርም፤ በየማታው ገብስ ሊሰፈርለት ይገባል። ገብሱን ያመረተው፣ የተሸከመውና የሰፈረው ማን እንደ ነበር ሳይጠየቅ የፈረሰኛው ታሪክ ምሉዕ አይሆንም።

ከሽምብራ ኩሬ እስከ ኦዳ ቡልቱም

የኢማም አሕመድን ዘመቻ የጻፈው ሺሃብ አድ-ዲን፣ በቅጽል ስሙ ዐረብ ፋቂህ፣ ፉቱሕ አል-ሐበሻ በተባለው መጽሐፉ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቆጥረው ፈረሰኛን ነው። በ1521 ዓ.ም. በሽምብራ ኩሬ በተደረገው ጦርነት የኢማሙ ወገን 560 ፈረሰኛና 12 ሺህ እግረኛ፣ የዐፄ ልብነ ድንግል ወገን ደግሞ 16 ሺህ ፈረሰኛና ከ200 ሺህ በላይ እግረኛ ነበሩ ይላል። ቁጥሩ የአሸናፊው ወገን ጸሐፊ ቁጥር መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ነገር ግን ጸሐፊው የኢማሙን ፈረሰኛ በመቶ፣ እግረኛውን በሺህ መቁጠሩ ብቻውን ትርጉም አለው። አንድ ፈረስ የብዙ ሰው ድካም ውጤት ስለሆነ በጅምላ አይቆጠርም።

ከዚያ ጦርነት በኋላ ብዙም ሳይቆይ የኦሮሞ ሕዝብ ታሪክ ከፈረስ ጋር ተቆራኘ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የጻፈው አባ ባሕርይ በዚህ ረገድ ጥሩ ምስክር ነው። እርሱ እንደሚለው፣ በፈረስና በበቅሎ መቀመጥ የተጀመረው መስሌ በተባለው ሉባ ዘመን ነው፤ ይኸውም በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ መሆኑ ነው። ከዚያ በፊት በእግሩ ይዋጋ የነበረው ሕዝብ በአንድና በሁለት ትውልድ ውስጥ በአፍሪካ ቀንድ የታወቀ ፈረሰኛ ሆነ። ይህን የመሰለ ፈጣን ለውጥ በታሪክ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

በጨርጨር የሰፈሩት ኢቱ ኦሮሞዎች የሕግና የሸንጎ ሥፍራቸው ኦዳ ቡልቱም ነበረች። ኦዳ ቡልቱም ከአምስቱ ታላላቅ የኦሮሞ ኦዳዎች አንዷ ስትሆን፣ ሕግ የሚደነገገውና ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው የሚተላለፈው በዋርካዋ ጥላ ሥር ነው። በገዳ ሥርዓት የጦር መሪው አባ ዱላ ይባላል፤ ሥልጣኑም በሕግ የተወሰነ ነው። ፈረሰኛው ፈረሱን የሚያመጣው ከገዛ ከብቱ፣ ስንቁን ከገዛ ቤቱ ሲሆን፣ ዘመቻው ሲያበቃ ተመልሶ ከብት ጠባቂና ገበሬ ነው። በዚህ ሥርዓት ገብሱን የሰፈረው ባለፈረሱ ራሱ ነበር። ለታሪኩ መለኪያ ሊሆን የሚገባውም ይህ ነጥብ ነው።

የፈረሰኛው ወግ

በደጋው ኢትዮጵያ ባላባትም ሆነ ጦረኛ በመንገድ የሚቀመጠው በበቅሎ ላይ ነው። ሰጋር በቅሎ አትደክም፤ ገደሉን ታውቃለች፤ ቆላውንም ከፈረስ ይልቅ ትችላለች። የጦር ፈረሱ ባዶውን በሎሌ እየተሳበ ከኋላ ይከተላል። ጌትየው ከበቅሎ ወርዶ በፈረሱ ላይ የሚወጣው ጠላት ሲታይ ነው። ስለዚህ አንድ ፈረሰኛ ሲባል ብቻውን አይደለም፤ አንድ በቅሎ፣ አንድ ፈረስ፣ ፈረሱን የሚስብ፣ ሣር የሚያጭድ፣ ስንቅ የሚጭንና ምግብ የምታዘጋጅ ሰው ጭምር ነው። "ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም" የሚለው ምሳሌ የፈረሰኛውን ልብ ለማጽናት የተነገረ ነው፤ ፈረሱን እስከ ጦር ሜዳ ያደረሱትን ሰዎች ግን ምሳሌው አያነሣቸውም።

ፈረሰኛው ጫማ አያደርግም ነበር። እርካቡ ጠባብ ስለነበረ የሚገባበት የእግር አውራ ጣት ብቻ ነው። ኮርቻው ከእንጨት ተሠርቶ በቆዳ ይለበጣል፤ በላዩ ግላስ ይዘረጋበታል፤ በአንገቱና በግንባሩ መርገፍ ይንጠለጠልለታል። ግራ እጅ ልጓምና ጋሻ፣ ቀኝ እጅ ጦር ይይዛል። ፈረሱ በሶምሶማ ይሄዳል፤ በደንገላሳ ይፈጥናል፤ የቁርጥ ቀን ሲመጣ በሽምጥ ይጋልባል። ከኦሮምኛ የመጡት ጉራቻና ዳለቻ የሚሉት የመልክ ስሞች አማርኛ ተናጋሪውም የፈረስ ዕውቀቱን ከማን ጋር እንደ ተካፈለ ያስረዳሉ። ቋንቋ አንዳንድ ጊዜ ከዜና መዋዕል የተሻለ ታሪክ ጸሐፊ ነው።

ከወጉ ሁሉ የሚደንቀው የፈረስ ስም ነው። ጦረኛው በፈረሱ ስም "አባ እገሌ" ተብሎ ይጠራል። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ራስ ጎበና አባ ጥጉ፣ ራስ ሚካኤል አባ ሻንቆ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መቻል ተብለዋል። በጊቤ አገሮችም የጅማው አባ ጅፋር የሚታወቁት በፈረስ ስማቸው ነው። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል ይህን ባህል በጥናት መልክ አቀናብረው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለሊቃውንት አቅርበዋል። ስሙ የፉከራ መነሻ፣ የሎሌዎች መታወቂያ፣ የአዝማሪ የግጥም ቤት መምቻ ነበር። ንጉሡን በስሙ መጥራት ነውር በነበረበት ዘመን በፈረሱ ስም መጥራት ክብር ነበር።

የሰላም ጊዜ ትምህርት ቤቱ ጉግስ ነው። በበዓል ቀን ሁለት ወገን ሆነው በሰፊ ሜዳ ይቆማሉ፤ አንዱ ይሸሻል፣ ሌላው ያሳድዳል፤ ዘንግ ይወረወራል፣ በጋሻ ይመከታል፤ ከዚያም ተራው ይለወጣል። ጨዋታ ቢመስልም ዞሮ መመለስን፣ በሽምጥ ላይ ሚዛን መጠበቅን፣ ጓድን አለመልቀቅን የሚያስተምር ልምምድ ነው። ጦረኛው ሲሞትም ፈረሱ ተሸልሞ፣ ኮርቻው ባዶ ሆኖ፣ ጋሻና ጦሩ ተይዞ በለቅሶው አደባባይ ይዞራል። ባለቤቱ የሌለበትን ኮርቻ ያየ ሁሉ እንባውን መግታት ያቅተዋል።

የ1879 ዘመቻና ያመጣው ዕዳ

ወደ ጨርጨር ሸንተረር እንመለስና፣ በ1870ዎቹ አጋማሽ የሸዋ ጦር ወደ ኢቱ አገር መዝለቅ ጀመረ። ግንባር ቀደሙ አባ ሰይጣን በሚል የፈረስ ስም የታወቁት ደጃዝማች ወልደ ገብርኤል ነበሩ። ይህ ጦር በሂርና ሰፍሮ ሳለ የሐረሩ አሚር አብዱላሂ ሰዎች በሌሊት ርችት እየተኮሱ ወረዱበት። ርችት አይቶ የማያውቀው ሠራዊት ተደናግጦ ወደ አሰቦትና ወደ አዋሽ አቅጣጫ ሸሸ። ከዚህ በኋላ ምኒልክ ራሳቸው ዘመቱ። ታኅሣሥ 29 ቀን 1879 ዓ.ም. በገና ዕለት፣ በጨለንቆ ሜዳ የአሚሩ ጦር ተሸነፈ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ሐረር ተያዘች። ራስ መኰንንም የሐረር ገዥ ሆኑ።

ጨለንቆ በአንድ ወገን የድል፣ በሌላው ወገን የሐዘን ስም ነው። በሥፍራው የወደቁት የሐረርና የአካባቢው ኦሮሞ ተዋጊዎች በዘራቸው ዘንድ አልተረሱም፤ መታሰቢያም ቆሞላቸዋል። የፈረሰኛው ታሪክ ይህን ሁለት ገጽ ሳይሸሽግ መናገር አለበት። በዚያች ቀን በሁለቱም ወገን ፈረስ ነበረ፤ በሁለቱም ወገን በጋራ የሚታወቅ የጋላቢ ወግ ነበረ። የለያያቸው የጦር መሣሪያው ብዛትና ከድሉ በኋላ የመጣው ሥርዓት ነው።

ያ ሥርዓት የገባር ሥርዓት ነበር። በአዲሱ ግዛት የሰፈረው ወታደር ከመንግሥት ግምጃ ቤት ደመወዝ አይቆረጥለትም፤ በደመወዝ ፈንታ ገባር ይመራለታል። ገባሩ እህል ይሰፍራል፣ ማር ያገባል፣ እንጨት ይሸከማል፣ አጥር ያጥራል፤ ሚስቱ ለጌታው ቤት ትፈጫለች፤ ሹም በመንገድ ሲያልፍ ድርጎ ያቀርባል። የጌታውን ፈረስና በቅሎ መቀለብም የዚሁ ግዴታ አካል ነበር። በዚህ ጊዜ በስም የገዛ ፈረሱን ይዞ የሚዘምት የነበረው ጦረኛ በተግባር የሌላውን ገብስ ይዞ የሚዘምት ሆነ። ቀድሞ በኦዳ ቡልቱም ሸንጎ የገዛ ፈረሱን በገዛ ገብሱ ይቀልብ የነበረው ሰው አሁን ለሌላው ፈረስ ሰፋሪ ሆኖ ተገኘ። የጨርጨር ታሪክ መራራው ምዕራፍ ይህ ነው።

ጥያቄው የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1794 የፈረንሳይ አብዮት በቀሰቀሰው ፍርሃት ምክንያት በየአውራጃው የበጎ ፈቃድ ፈረሰኛ ጦር ተቋቋመ። አባላቱ መሬት ያላቸው ገበሬዎችና ነጋዴዎች ሲሆኑ ፈረሱን የሚያመጡት ራሳቸው ነበሩ። የታሰበው ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ወራሪ ለመመከት ነበር። ነሐሴ 1819 ላይ ግን በማንቸስተር ከተማ የመምረጥ መብት ለመጠየቅ በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ሰይፍ መዘው ከጋለቡት መካከል የዚያው አካባቢ በጎ ፈቃደኛ ፈረሰኞች ይገኙበታል። ከአሥር የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቆሰሉ። ፈረስ ለመግዛት የቻለው ፈረስ በሌለው ላይ ጋለበ። ስለዚህ በጎ ፈቃድ ብቻውን በቂ መለኪያ አይደለም፤ ፈቃዱ ለማን ጥቅምና በማን ወጪ እንደሆነ መጠየቅ ግድ ነው።

ከሐረር ወደ ዓድዋ

ይኸው የፈረሰኛ ወግ በሌላ ቀን ደግሞ ሌላ ሥራ ሠርቷል። ራስ መኰንን በፈረስ ስማቸው አባ ቃኘው ናቸው። በ1888 ዓ.ም. የሐረርን ጦር ይዘው በሰሜን ዘመቻ ተሰለፉ፤ በአምባ አላጌ ድልና በመቀሌው ምሽግ ከበባ ግንባር ቀደም ነበሩ። በየካቲት 23 ቀን፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፣ በዓድዋ ተራሮች ሥር ከተሰለፈው የኢትዮጵያ ሠራዊት መካከል ፈረሰኛው 8 ሺህ ያህል እንደ ነበር የዘመኑ የውጭ አገር ጸሐፊዎች ገምተዋል። ከወሎ፣ ከሸዋና ከሌላውም አገር የመጡት ኦሮሞ ፈረሰኞች የጠላት መስመር ከተፈታ በኋላ የሚሸሸውን ጦር ተከታትለው እንደገና ቆሞ እንዳይሰለፍ አደረጉት። እግረኛው ያሸነፈውን ጦርነት ፍጹም ድል ያደረገው ፈረሰኛው ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ሆኖም በዓድዋ ዋዜማ ሠራዊቱን ያስጨነቀው ጥይት ሳይሆን ስንቅ ነበር። ከብቱን የከብት በሽታ የጨረሰበት፣ ሰውን ረሃብ የፈጀበት ክፉ ቀን ካለፈ ገና ጥቂት ዓመታት መሆናቸው ነው። ያን ያህል ሰውና እንስሳ ለወራት በአንድ አካባቢ ሲሰፍር የትግራይ ገበሬ ጎተራ ተራቆተ። ምኒልክ ጦርነቱ ቢዘገይ ሠፈሩን ለመንቀል ተቃርበው ነበር። የዓድዋ ፈረስ የበላው ገብስ የኢትዮጵያ ገበሬ የመጨረሻ ቁና ነበር ማለት ይቻላል። በዚህ ጊዜ ግን የተጋለበው በወራሪ ላይ ስለሆነ ገበሬው የከፈለው ዋጋ ወደ ራሱ ነጻነት ተመልሷል።

የመኰንን ፈረስ ስም ከፈረሱ በላይ ዕድሜ አገኘ። በ1943 ዓ.ም. ከክብር ዘበኛ ተውጣጥቶ ወደ ኮርያ የዘመተው የመጀመሪያው ሻለቃ ቃኘው ተባለ። በአሥመራ የነበረው የአሜሪካ የመገናኛ ጣቢያም በዚሁ ስም ሲጠራ ኖሯል። በሐረር ገዥ ግቢ የታሰረ አንድ ፈረስ ስሙ ሩቅ ምሥራቅ ድረስ ይሄዳል ብሎ የገመተ አልነበረም።

ባቡሩ፣ መትረየሱና የአሰበ ተፈሪ ከተማ

በመስከረም 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከዙፋን ሲወርዱ በሐረር ነበሩ። ሥልጣናቸውን ለማስመለስ የተንቀሳቀሰው ጦር ከሸዋው ጦር ጋር የተጋጠመው እዚሁ ጨርጨር ግርጌ፣ በሚኤሶ ነው። ዕድሉ ለሸዋ ሆነ። ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ተሸነፉ፤ ዝነኛው የወሎ ፈረሰኛም በመትረየስ ፊት ሜዳ ላይ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ሽምጥ ጋልቦ መስመር መስበር ጀግንነት ቢሆንም የድል መንገድ መሆኑ አበቃ። በዚያው በ1909 ዓ.ም. የምድር ባቡሩ አዲስ አበባ ገባ። ጦርን ከሐረር ወደ ሸዋ ለማድረስ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው ጉዞ የቀናት ጉዳይ ሆነ፤ የሚኤሶ ጣቢያም ለጨርጨር ደጋ የንግድ በር ሆነች።

በ1910ሮቹ ውስጥ ለጨርጨር የተሾሙት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የዘመኑን መለወጥ ከማንም ይልቅ የተገነዘቡ ሰው ነበሩ። በልጅነታቸው በራስ መኰንን ቤት አድገው ዓድዋ ዘምተዋል፤ ከዚያም ወደ ሩሲያ ተልከው የመድፈኛ ትምህርት ተምረዋል። ለኢትዮጵያ ተውኔት ፈር የቀደደውን ፋቡላን የጻፉ፣ በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ በ1928 ዓ.ም. ደግሞ በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ አገራቸው የተከራከሩ እርሳቸው ናቸው። አውራጃው ለሌሎች ምሳሌ እንዲሆን የታቀደ ሲሆን፣ አሰበ ተፈሪም በእርሳቸው ዘመን እንደ ዋና ከተማ ተቋቋመች። ስሟ ራሱ የባለ ዕቅዱን የአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንንን ሐሳብ ይመሰክራል።

የሐሳቡ ፍሬ ነገር ሹሙ ከገባሩ ጎተራ ሳይሆን ከመንግሥት በሚቆረጥለት ደመወዝ እንዲኖር፣ ግብሩም የሚታወቅና የተወሰነ እንዲሆን ነበር። በሌላ አነጋገር፣ የሹሙን ፈረስ ገብስ ሹሙ ራሱ ይግዛ ማለት ነው። ዕቅዱ በአንድ አውራጃ ተወስኖ የቀረና የመሬቱን ይዞታ ከሥሩ ያልነካ በመሆኑ ገባሩን ነጻ አላወጣውም። መሬት ለአራሹ የሆነው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ ነው። ቢሆንም ጥያቄው በጨርጨር ምድር ከዚያ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቀድሞ ተነሥቶ እንደ ነበር መዘንጋት የለበትም። ተክለ ሐዋርያት ከረጅም ስደት በኋላ ተመልሰው በሂርና ሲያርሱ ኖረው በ1969 ዓ.ም. አረፉ። መድፈኛው መኰንን የመጨረሻ ዘመኑን የፈጸመው በገበሬነት ነው።

የፈረሰኛ ጦር ፍጻሜ

በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር በሰሜንና በኦጋዴን በኩል ሲገባ ክተቱ እንደ ጥንቱ ታወጀ፤ ፈረሰኛውም እንደ ጥንቱ መጣ። ነገር ግን ከሰማይ የሚወርደውን ቦምብ ጋሻ አይመልሰውም፤ የመርዙን ጋዝ ፈረስ አያመልጠውም። ሣሩ ላይ በረጋው መርዝ ሰውም፣ ፈረስም፣ በቅሎም አለቀ። መጋቢት 22 ቀን በማይጨው የተደረገው ጦርነት የአሮጌው ሠራዊት የመጨረሻው ታላቅ ሰልፍ ሆነ። ሐረርም በሚያዝያ ማብቂያ ተያዘች።

ፈረስን በጦርነት መጠቀሙን ወራሪውም አልተወውም። ኢጣሊያዊው መኰንን አሜዴዎ ጊሌት ከአገሬው ሰው የመለመለውን የፈረሰኛ ቡድን ይዞ በጥር 1933 ዓ.ም. በኤርትራ ቆላ፣ በከሩ፣ በእንግሊዞች ታንክና መድፍ ላይ ጋልቧል። ብዙ የአገር ልጅ በዚያ ሜዳ ቀረ። የጋላቢዎቹ ድፍረት የሚያጠራጥር አይደለም፤ ገብሱን የሰፈረው ግን ወራሪው ነበር፤ ስለዚህ ድፍረቱ ለአገራቸው አልሆነም። ከጨርጨር ገባር እስከ ማንቸስተር አደባባይ፣ ከዓድዋ እስከ ከሩ፣ መለኪያው ያው አንድ ነው።

ከነጻነት በኋላ ጦሩ መደበኛ ሆነ፤ ፈረስ ለሰልፍና ለበዓል ቀረ። ሕዝባዊው ክተት ግን አልጠፋም። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር በምሥራቅ ሲገፋ በየገጠሩ የተመለመለው ሚሊሺያ የሠለጠነበት ሠፈር ታጠቅ ተባለ። ያ ስም የዐፄ ቴዎድሮስን ፈረስ ያስታውሳል። ታጠቅ የሠለጠኑት ገበሬዎች ግን ወደ ሐረርጌ ግንባር የሄዱት በመኪና ነው።

ፈረሱ በሰላም ጊዜ

ፈረሰኛው ከጦር ሜዳ ከወጣ በኋላ ወጉ እንዴት ሊኖር እንደሚችል የሚያሳየው ምሳሌ የሚገኘው ከጨርጨር ርቆ፣ በጎጃም በኩል በአዊ ምድር ነው። በአፈ ታሪክ ከሰባት ወንድማማቾች የመጡ የሚባሉት ሰባት ቤት አገው፣ ማለትም አንከሻ፣ ባንጃ፣ አዘና፣ ዚገም፣ ቸራ፣ ኳኩራና መተከል፣ ከጥንት ጀምሮ በፈረስ ወዳድነታቸው የታወቁ ናቸው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም.፣ አገሪቱ ገና በወረራ ሥር ሳለች ነው። ዓላማውም በዓድዋና በኋላ በተደረገው ተጋድሎ የተሳተፉትን ፈረሰኞችና ፈረሶቻቸውን ማሰብ ነበር። ሰው ብቻ ሳይሆን ፈረሱም መታሰቢያ ይገባዋል መባሉ የማኅበሩን መንፈስ ይገልጻል።

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን አባላቱ ፈረሶቻቸውን በደማቅ ልብስና በመርገፍ ሸልመው ይሰለፋሉ፤ ይጋልባሉ፤ ጉግስ ይጫወታሉ። ዛሬ አባላቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሆነዋል። የማኅበሩ ምሥጢር ግን በበዓሉ ድምቀት ብቻ አይደለም። በአዊ ፈረስ ያርሳል፣ ይጭናል፣ ሙሽራ ያጅባል፣ በለቅሶ ይሰለፋል። ፈረሱን የሚቀልበው ባለቤቱ ነው፤ ባለቤቱም ገበሬ ነው። ገባር የለም፤ ድርጎ የለም፤ በማንም ላይ የሚጋልብ የለም። ከብዙ ዘመን በኋላ ፈረሱና ገብሱ በአንድ ደጃፍ ተገናኝተዋል። በጥንታዊው የኦዳ ቡልቱም ሸንጎ የነበረው መለኪያ በሌላ ሕዝብ ዘንድ፣ በሌላ ቋንቋ፣ እንደገና ተፈጽሞ ይታያል።

ለባህል ሠራተኞች የቀረው ሥራ

ዛሬ በጭሮ ጎዳና የሚሽከረከረው ባጃጅና ሚኒባስ ነው። ቡናውና ጫቱ በመኪና ወደ ድሬ ዳዋ ይወርዳል። ይሁንና ከሚኤሶ እስከ ሂርና ባሉት ከተሞችና መንደሮች የፈረስ ስም የሚያስታውስ፣ የአያቱን ኮርቻ በጓዳው የሰቀለ፣ የኢቱን የጀግና ዜማ የሚያውቅ ሽማግሌ ፈልጎ ማነጋገር አስቸኳይ ተግባር ነው። በጭሮ የኦዳ ቡልቱም ስም የተሰጠው ዩኒቨርሲቲ ተቋቁሟል፤ መምህራን በየትምህርት ቤቱ አሉ። ተማሪው የአያቱን የፈረስ ስም ጠይቆ ቢጽፍ፣ የኮርቻውን ክፍሎች በአማርኛና በኦሮምኛ ስማቸው ለይቶ ቢመዘግብ፣ ውሎ አድሮ ለአንድ ቤተ መዘክር የሚበቃ ሀብት ይከማቻል።

በዚህ ሥራ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በባህላዊው የዓድዋ ሥዕል ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ከላይ ይታያል፤ ነገሥታቱና መኳንንቱ በተሸለሙ ፈረሶች ይጋልባሉ፤ የወገን ፊት በሙሉ ገጽ፣ የጠላት ፊት በጎን ይሣላል። ሥዕሉ ውብ ነው፤ እውነትም አለበት። የጎደለው ግን ከፈረሱ ኋላ ገብስ የተሸከመው ሰውና ስንቁን የፈጨችው ሴት ናቸው። የጨርጨርን ፈረሰኛ በሸራም ሆነ በመድረክ ለማሳየት የሚነሣ የኪነ ጥበብ ሰው ለእነዚህ ሁለት ሰዎች ቦታ ይተውላቸው። እነርሱም በሙሉ ገጽ ይሣሉ።